ኖታ ሳልችል ሙዚቃዊ ቴአትር ልፈተን? ለአንዲት የሐዋሳ ልጅ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ 23 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ አልቶ ነኝ፣ ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ እዘምራለሁ። አሁን እዚሁ ከተማ አንድ ቡድን ሙዚቃዊ ቴአትር ሊሠራ ተዋንያን እየመለመለ ነው። ኦዲሽኑ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ማስታወቂያው ‹የተለያየ ስሜት ያላቸው ሁለት ዘፈኖች፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ደቂቃ ያልበለጡ› ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ‹አጭር ኖታ የማንበብ ሙከራ ይኖራል› ይላል። እኔ ሁሉንም የምይዘው በጆሮዬ ነው። ኖታ ድሮ ትንሽ ተምሬ ረስቼዋለሁ። ጓደኞቼ ከፍ ያለ፣ ድምፅሽን የሚያሳይ ዘፈን ምረጪ ይሉኛል። መዝሙር ብዘምርስ? እናቴ በሲዳምኛ የምታንጎራጉረውስ ይሆናል? ወይስ ጭራሽ ልቅር?»

አትቅሪ። ከሁሉ በፊት ይህን ልበልሽ። ማስታወቂያ ላይ «ኖታ» የምትለዋን ቃል አይተው ከቤታቸው ሳይወጡ የቀሩ ጥሩ ጥሩ ዘፋኞች አውቃለሁ። ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የሚያስቀራቸው ችሎታ ማጣት አይደለም። ሙከራው ምን እንደሚፈልግ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

እኔ ድምፅ አስተምራለሁ። ኦዲሽን ሲኖርም ኪቦርድ ይዤ በአጃቢነት እቀመጣለሁ። የአጃቢ ወንበር ብዙ ያሳያል። የዘፋኙን ትንፋሽ ከቅርብ ትሰሚያለሽ፣ የመራጮቹን ፊት ደግሞ ፊት ለፊት ታያለሽ። መቼ እስክሪብቶ እንደሚያነሱ፣ መቼ ከወረቀታቸው ቀና እንደሚሉ ከዚያ ይታያል። የምነግርሽ ከዚያ ወንበር ያየሁትን ነው።

ከዘፈኑ እንጀምር።

ጓደኞችሽ «ከፍ ያለ ዘፈን» ያሉሽ ወደውሽ ነው። ምክሩ ግን ለድምፅ ውድድር እንጂ ለቴአትር አይሆንም። የሙዚቃዊ ቴአትር መራጭ የሚፈልገው ሲናገር ቆይቶ፣ ንግግር አልበቃው ሲል ወደ ዘፈን የሚሻገር ሰው ነው። አፍሽን ስትከፍቺ በልቡ የሚጠይቀው «ምን ያህል ከፍ ትላለች?» ብሎ አይደለም። «ለማን ነው የምትናገረው? ምን ፈልጋ ነው?» ብሎ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ነው። በወጣትነቴ አንድ ኦዲሽን ላይ ረጅም ትዝታ ይዤ ገባሁ። ቤት ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይወጣልኝ ነበር። እዚያ ግን ልቤ መታ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ጉሮሮዬ ተያዘ። የመጀመሪያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ድምፄ ተሰበረ። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። ትዝታ ቀስ ብሎ፣ እየተመላለሰ የሚሞላ ዜማ ነው። ስሜቱ የሚደርሰው ሦስተኛው አራተኛው ዙር ላይ ነው። እኔ ገና መንደርደሪያው ላይ ሳለሁ «እናመሰግናለን» ተባልኩ። ለማን እንደምዘፍን ቢጠይቁኝ እኔም መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ዘፈን ስትመርጪ መጀመሪያ ግጥሙን ያለ ዜማ አንብቢው። ጮክ ብለሽ፣ ለአንድ ሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ። ለእናትሽ፣ ጥሎሽ ለሄደ ልጅ፣ ላላመነሽ ሰው። ከአፍሽ እንደ ንግግር የሚወጣ ከሆነ ያዢው። ዜማው ሲነሳለት ባዶ የሚሆን ግጥም ከሆነ ተይው፣ ዜማው ምንም ቢያምር።

እዚህ ላይ የእኛ ዘፈን አንድ ጠባይ አለው፣ ጊዜ ልስጠው። ብዙው የአማርኛ ዘፈን የሚሄደው በሁለት በሁለት ስንኝ ነው። አንዱ ጥንድ ስለ ናፍቆት፣ ቀጣዩ ስለ መልክ፣ ሌላው ስለ መንገድ ሊሆን ይችላል። ቤት ከመታና ዜማው ከተሸከመው ማንም ቅር አይለውም። ቴአትር ላይ ግን ሰውየው ዘፈኑን የጀመረበትና የጨረሰበት ቦታ መለያየት አለበት። ሲጀምር እየለመነ ከነበረ ሲጨርስ ቆርጧል። ሲጀምር ሲክድ ከነበረ ሲጨርስ አምኗል። በዘፈኑ ውስጥ አንድ ነገር ካልተለወጠ ተዋናዩ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምረሽ ሰዓትሽ እስኪያልቅ አትዝፈኚ። ግጥሙን በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፊው። ጥንዶቹን በመቀስ ቆራርጫቸውና ጠረጴዛ ላይ ደርድሪያቸው። ተያይዘው ታሪክ የሚሠሩ ሁለት ጥንዶች ታገኛለሽ፣ አንዳንዴም ሦስት። አዝማቹን መካከላቸው አስገቢ። መጨረሻ ላይ ያለው ጥንድ ለመክፈቻ የሚሻል ከሆነ ወደፊት አምጪው። እኔ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እንዲህ አሠራቸዋለሁ። ብዙ ዓመት የሰሙት ዘፈን ድንገት የራሳቸው ንግግር ሲሆን ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ደስ ይለኛል።

ሰምና ወርቅ ያለበት ስንኝ ካገኘሽማ ዕድለኛ ነሽ። ሰሙን ፊት ለፊትሽ ላለው ሰው ትነግሪዋለሽ፣ ወርቁን በልብሽ ትይዢዋለሽ። አፍ የሚለውና ልብ የሚለው ሲለያዩ መራጩ ከወረቀቱ ቀና ይላል። ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ስለ አንድ ደቂቃዋ። አሜሪካኖቹ ለሙዚቃዊ ቴአትር ኦዲሽን «16 ባር አምጡ» ወይም «32 ባር አምጡ» ማለት ያዘወትራሉ። ባር ማለት ዜማው በእኩል ምት የሚከፈልበት ክፍል ነው። ነገሩን በሒሳብ እዪው። በአራት ምት የሚሄድ ዘፈን 16 ባር 64 ምት ነው። በደቂቃ 64 ምት የሚሄድ ዝግተኛ ዘፈን ከሆነ ልክ አንድ ደቂቃ ይሆናል። በደቂቃ 128 የሚሄድ ፈጣን ዘፈን ከሆነ ደግሞ 32 ባር ነው አንድ ደቂቃ የሚሆነው። ስለዚህ ለዝግታው 16 ባር፣ ለፈጣኑ 32 ባር ግድም ይበቃሻል። ከዚያ በላይ ካለሽ ቁረጪው። የዘፈኖቻችን መግቢያ ረጅም ነው፣ ሳክስፎኑ ብቻውን ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። ያ በሙሉ ይቅር። ሁለት ባር መግቢያ፣ ወይም መነሻ ድምፅ ብቻ ይበቃል። ማብቂያሽ ግን ማብቂያ ይሁን። ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ አሳርፊው። በ55 ሰከንድ አርፎ የጨረሰ ዘፈን፣ ደቂቃው ሞልቶ ከተቆረጠ ዘፈን ይሻላል።

«የተለያየ ስሜት» ማለት አንዱ ቀርፋፋ ሌላው ፈጣን ማለት ብቻ አይደለም። በዝግታም በፍጥነትም ስለ ናፍቆት ብቻ ከዘፈንሽ አንድ ሰው ነው ያሳየሽው። አንዱ ላይ የምትለምን ሴት ከሆንሽ፣ ሌላው ላይ የምትቀልድ ወይም የምትቆጣ ሁኚ። ለፈጣኑ ችክችካ ከመረጥሽ አንድ ነገር ጠብቂ። ችክችካ ትከሻን ይጠራል፣ ትከሻ ሲነሳ ቃል ይጠፋል። መጀመሪያ ቆመሽ፣ እጅሽን አውርደሽ፣ እያንዳንዷ ቃል እስክትሰማ ተለማመጂው። እስክስታው በኋላ ራሱ ይመጣል።

ስለ ከፍታ፦ አልቶ ከሆንሽ አልቶ ሁኚ። ለከተማው ሁሉ ሶፕራኖ፣ ማለትም ከፍተኛው የሴት ድምፅ፣ መሆን አይጠበቅብሽም። የዘፈኑ ከፍተኛ ድምፅ፣ በጥሩ ቀንሽ ከምትደርሺበት ጫፍ ቢያንስ አንድ ሙሉ ድምፅ (ከዶ እስከ ሬ ያለውን ያህል) ዝቅ ያለ ይሁን። ጠዋት ትንሽ አሟሙቀሽ ሞክሪው። ካስጨነቀሽ ኪዩን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሳበትን ከፍታ፣ አውርጂው። ኪቦርድ ላይ ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች፣ አጃቢው ኮርዱን (አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) ሳይቀይር በአንድ ጊዜ ያወርድልሻል። ሆኖም ለምን ያህል እንደሚያወርድልሽ አንቺ ቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። «ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ» የሚል ሰው እዚያው ፈልጎ እስኪያገኘው የራሱን ደቂቃ ይበላል። የወንድ ዘፈን መዝፈን ከፈለግሽም ዝፈኚ። አልቶ ድምፅ ላይ ደስ የሚል ክብደት ይኖረዋል። የዘፋኙን ጉሮሮ ግን አትቅጂ። እሱ የሚያንቀጠቅጥበት ቦታ ላይ አንቺም ካንቀጠቀጥሽ መራጩ የሚሰማው እሱን ነው።

መዝሙር ብዘምርስ ላልሽው፣ እኔ አልመክርም። መዝሙር ስለሚያንስ አይደለም። ጸሎት ስለሆነ ነው። መራጭ ጸሎትን መመዘን ይከብደዋል፣ ማቋረጥ ደግሞ ይበልጥ ይከብደዋል። አንቺም መመዘን የለብሽም። ነገር ግን ከኳየር አንድ ትልቅ ሀብት ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ስትዘምሪ ለማን እንደምትዘምሪ ታውቂያለሽ። ዓይንሽ ወዴት እንደሚሄድ፣ ለምን ድምፅሽን ዝቅ እንደምታደርጊ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂያለሽ። ያንኑ እርግጠኝነት ወደ ዘፈኑ አምጪው። ሰሚሽን ብቻ ቀይሪው።

የእናትሽን የሲዳምኛ እንጉርጉሮ ግን አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ሐዋሳ ላይ ሐዋሳን የሚመስል ቴአትር የሚሠራ ሰው ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል። ብቻሽን የሚዘፈን መሆኑን ግን እርግጠኛ ሁኚ። ቄጣላን የመሰለ የጋራ ጭፈራ ተቀባይ ከሌለው ግማሹ ይጠፋል። እናትሽ ብቻዋን የምታንጎራጉረው ከሆነ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ሆና የምታስበው ነገር ነው፣ ከዚያ የተሻለ የመድረክ ዘፈን የለም። ከመጀመርሽ በፊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለ ምን እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ከዚያ ዝፈኚ። ትርጉሙን መስመር በመስመር አታብራሪ። ቃሉን ደግሞ እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ አጥሪው።

ለአጃቢው የምትሰጪው ወረቀት ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። የተጻፈ ኖታ ከሌለሽ ግጥሙን በትልቅ ፊደል ጽፈሽ፣ ከቃላቱ በላይ ኮርዶቹን አስቀምጪ። ከላይ ኪዩን፣ የምቱን ዓይነትና ፍጥነቱን ጻፊ። የት እንደምትጀምሪ፣ የት እንደምትዘልዪ፣ የት እንደምታቆሚ በደማቁ አስምሪበት። በስልክ ስክሪን ላይ አታሳዪ፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ፍጥነቱን ለመንገር ጣት አታጩሂ። አጃቢው አጠገብ ሄደሽ የመጀመሪያውን መስመር በለሆሳስ ዝፈኚለት፣ ወዲያው ይገባዋል። ትራክ፣ ማለትም የተቀዳ አጃቢ ሙዚቃ፣ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ቀድመሽ ልኩን ቆርጠሽ አዘጋጂው፣ ስልኩንም ጥሪ እንዳይገባበት አድርጊ። መብራት ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱንም ዘፈኖች ያለ ምንም አጃቢ፣ ከራስሽ መነሻ ድምፅ ተነስተሽ መዝፈን ልመጂ።

አሁን ወዳስፈራሽ ነገር እንምጣ።

የኖታ ሙከራው ኖታ ማወቅሽን ብቻ አይደለም የሚያየው። ሙዚቃዊ ቴአትር ላይ ዘፈኑ በልምምድ መሃል ይቀየራል። ዛሬ ሁለት ባር ይጨመራል፣ ነገ ኪዩ ይወርዳል። መራጩ ማወቅ የሚፈልገው አዲስ ነገር ሲሰጥሽ ምን እንደምትሆኚ ነው። ስትሳሳቺ ትቆሚያለሽ ወይስ ትቀጥያለሽ? ከጎንሽ ያለውን ትሰሚያለሽ ወይስ ወረቀትሽ ውስጥ ትሰምጫለሽ? መልሱ በሁለት መስመር ኖታ ይታወቃል።

ደግሞም ከጽሑፍ ላይ ዜማ ማውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት የዜማ መጻሕፍት ላይ ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉ ምልክቶች ይቀመጣሉ። መሪጌታው እነሱን እያየ ነው የሚያዜመው። አሠራሩ ይለያል። እነዚያ ምልክቶች የዜማውን አካሄድ ይነግራሉ፣ ባለ አምስት መስመሩ ኖታ ደግሞ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ያሳያል። ይህኛው በስፋት የገባው በማርሽ ባንዶች በኩል ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የዚያ ታሪክ ትልቁ በር ናቸው። ከእነሱ በኋላ በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ባንዶች፣ ቀጥሎም በቴአትር ቤቶቻችን ብዙ ሙዚቀኞች በኖታ ሠርተዋል። ብዙዎቹ እንደ አንቺ በጆሮ ጀምረው በኋላ የተማሩ ናቸው።

ወደ ሥራው ልግባ። በጆሮ ያደገ የእኛ አገር ዘፋኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ሲባል ሁሉም አይከብደውም። የሚከብዱት ሁለቱ ናቸው፦ ፋ እና ሲ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሜጀር የሚባለውን የትዝታ ቅኝት ዘርዝሪው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋም ሲም የሉበትም። ጆሮሽ እነዚህን አምስቱን ከልጅነትሽ ጀምሮ ያውቃቸዋል፣ ከእንቅልፍሽ ብትቀሰቀሺም አትስቻቸውም። ፋ ላይ ስትደርሺ ግን ድምፅሽ ወይ ወደ ሚ ይንሸራተታል፣ ወይ ወደ ሶል ይዘላል። ሲ ላይም እንዲሁ ነው። ይህን ስህተት ስሰማ ዘፋኙ ጆሮ የለውም አልልም። ጆሮው ትዝታ ላይ ስላደገ ነው እላለሁ።

መድኃኒቱም ከእኛው ቤት ነው። ሜጀር ባቲን ዘርዝሪው፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አየሽ? ትዝታ የጎደሉት ሁለቱ እዚህ ተቀምጠዋል። ባቲን ደግሞ በጆሮሽ ታውቂዋለሽ። ትዝታንና ባቲን ከአንድ ዶ ላይ ተነስተሽ ብታጋጥሚያቸው ሰባቱም ድምፅ ይሞላል።

እንዲህ አድርጊ። ኪቦርድ ወይም የስልክ ፒያኖ ላይ አንድ ዶ ያዢ። ከዚያ ተነስተሽ ትዝታን ወደ ላይ ወደ ታች ዝፈኚ። ዶዋን ሳትለቂ ባቲን ወደ ላይ ወደ ታች ዝፈኚ። ከዚያ ቀላቅያቸው፦ ዶ ሬ ሚ ከትዝታ፣ ፋ ሶል ከባቲ፣ ላ ከትዝታ፣ ሲ ዶ ከባቲ። ሚ እና ፋ መካከል፣ ሲ እና ዶ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ መሆኑን ጉሮሮሽ ይሰማዋል። በአራት አምስት ቀን ፋ ቦታዋን ትይዛለች። ብዙ ተማሪዎች ላይ ሞክሬዋለሁ። መሰላሉን በባዶው ከማስጮህ በጣም ይፈጥናል፣ ምክንያቱም የምትገነቢው ከምታውቂው ነገር ላይ ነው።

ማይነር ቢመጣብሽም ያው ነው። ማይነር ትዝታና ማይነር ባቲ ከአንድ መነሻ ሲጋጠሙ ሙሉውን የማይነር መሰላል ይሰጡሻል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። የሚያምሩ ቅኝቶች ናቸው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለንባብ ሥራ ግን አይጠቅሙሽም።

ዶ የት እንዳለች ለማወቅ በመስመሩ መጀመሪያ ያሉትን ምልክቶች እዪ። ሻርፕ (♯) ከሆኑ የመጨረሻው ሻርፕ የተቀመጠበት ሲ ነው፣ ከእሱ ግማሽ ድምፅ ከፍ ስትዪ ዶ ታገኛለሽ። ፍላት (♭) ከሆኑ የመጨረሻው ፍላት ፋ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ፍላት ካለ ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ያለው ራሱ ዶ ነው። ምንም ምልክት ከሌለ ዶዋ በላቲን ፊደል C የምትባለው፣ ማለትም ፒያኖ ላይ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለችው ነጭ ቁልፍ ናት። ዜማው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ዶ ላይ ሳይሆን ላ ላይ ከሆነ ማይነር ነው። ያን ጊዜ ማረፊያዋን አዲስ መነሻ አድርገሽ የማይነሩን ትዝታና ባቲ አስቢ።

ይህ ሁሉ ግን ከምት በኋላ ነው። ምት ይቀድማል። ድምፅ ስተሽ ምት ከያዝሽ አጃቢው ይዞሽ ይሄዳል። ድምፅ ይዘሽ ምት ከለቀቅሽ ግን ማንም ሊረዳሽ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ለምት ብቻ ስጪው። ሐዋሳ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ ሞልቷል። ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለውን መንገድ ያዢ። እርምጃሽ ምት ነው። አንድ መስመር ኖታ በእጅሽ ይዘሽ፣ እርምጃሽን ሳትቀይሪ፣ የኖታውን ርዝመት በአፍሽ በይው። ለአንድ ምት «ታ»፣ ለግማሽ ግማሹ «ቲ ቲ»፣ ለሁለት ምት «ታ-አ»። ስትሳሳቺ እግርሽ አይቁም። ቁም ነገሩ ይኸው ነው፣ እግርሽ አይቁም። ስድስት ስምንተኛ ምት ሲመጣ ስድስቱን በአፍሽ ቁጠሪ፣ እግርሽ ሁለቴ ይርገጥ። ችክችካ ስለምታውቂ ይቀልሻል፣ የችክችካውን ምት ግን ኖታው ካልጠየቀሽ አትጨምሪበት።

በሁለተኛው ሳምንት ትዝታና ባቲውን ጨምሪ። በሦስተኛው ቃል ያለበት ኖታ አንብቢ። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ቁጭ ማለት ምንም አያመጣም። በየቀኑ አዲስ መስመር ይሁን። አንድ መስመር ሦስቴ ካነበብሽው በጆሮሽ ይዘሽዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንበብ አይደለም። ጆሮሽ ፈጣን ስለሆነ ይህ አንቺን በተለይ ይመለከትሻል።

ቃል ያለበት ኖታ ሲመጣ የአማርኛ አንባቢ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ሊሰጥ ይሞክራል። ፊደልና ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገረው የቃል ክፍል) ግን እኩል አይሄዱም። «ቤቴ» ሁለት ፊደል ነው፣ ሲዘፈንም ሁለት ድምፅ ይወስዳል። «ልብ» ግን ሁለት ፊደል ሆኖ አንድ ድምፅ ብቻ ሊወስድ ይችላል። «ድንጋይ» አራት ፊደል ነው፣ የሚዘፈነው ግን ሁለት ሆኖ ነው፦ ድን፣ ጋይ። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከፊቱ ካለው ጋር ይጣበቃል። ይህን ያላወቀ ሰው ኖታው ሳያልቅ ቃል ይተርፈዋል። ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። ጽሑፉ ላይ አይታይም። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ቃል ነው። «ዋና»ም እንዲሁ፣ ሐይቅ ውስጥ የሚዋኘውና የነገር ዋናው። ስለዚህ ወረቀቱ ሲሰጥሽ ቃሉን አንድ ጊዜ በልብሽ ተናገሪው። ስሜቱ ሲገባሽ ጥብቀቱ ራሱ ይመጣል።

ወረቀቱን ሰጥተውሽ ለማየት ጥቂት ሰከንድ ይሰጡሻል፣ ምናልባት ግማሽ ደቂቃ። በዚያ ጊዜ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አትሞክሪ። ምቱን እዪ። ዶዋን ፈልጊ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ድምፅ እዪ። ትልቁ ዝላይ የት እንዳለ፣ ፋ እና ሲ የት እንደሚያደቡብሽ ምልክት ያዢ። ተመሳሳይ የሆኑ ባሮችን ፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ባር የመጀመሪያው ድግግሞሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከዚያ «መነሻ ድምፁንና ኮርዱን ሊሰጡኝ ይችላሉ?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሥራውን እንደምታውቂ ያሳያል። ፍጥነቱን አንቺ ከመረጥሽ ቀስ ያለ ይሁን።

መሃል ላይ ከጠፋሽ እግርሽን አታቁሚ። ቃላቱን በምቱ ላይ ተናገሪ፣ ድምፁ የትም ቢሆን። ቀጣዩ ባር መጀመሪያ ላይ የምታውቂውን ድምፅ ያዢና ግቢ። «ይቅርታ» አትበዪ። ወደ ኋላ አትመለሺ። አንድ ጊዜ ያጀብኩት ልጅ ሦስት ባር ሙሉ ድምፁን ሳተ። ምቱንና ቃሉን ግን አልለቀቀም፣ ጆሮው እኔ ላይ ነበር። መጨረሻዋ ዶ ላይ ከእኔ ጋር እኩል አረፈ። ከእሱ በፊት የገባው ልጅ ኖታ በደንብ ያነብ ነበር፣ ግን በሳተ ቁጥር እያቆመ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሚናውን ያገኘው ድምፁን የሳተው፣ ምቱን ግን ያልለቀቀው ነው።

ከተውኔቱ ገጽ ሰጥተው አንብቢ ሊሉሽም ይችላሉ። ቀስ ብለሽ፣ ከጎንሽ ለሚያነበው ሰው አንብቢለት። ለወረቀቱ አታንብቢ። ልብስ እንቅስቃሴ የሚፈቅድ ይሁን፣ ጫማም እንዲሁ፣ ሊያስጨፍሩሽ ይችላሉና። ስትዘፍኚ መራጮቹ ዓይን ውስጥ አትግቢ፣ ሥራቸውን ይከለክላቸዋል። የምትነግሪውን ሰው ከእነሱ ራስ ትንሽ ከፍ አድርገሽ፣ ግድግዳው ላይ አስቀምጪው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሁለቱን ዘፈኖች ጨርሰሽ «ሌላ ምን አለሽ?» ሊሉሽ ይችላሉ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፣ ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ባዶ እጁን ይገኛል። ስለዚህ ሦስተኛ ዘፈን ይኑርሽ። የእናትሽን ከሁለቱ አንዱ ካላደረግሽው ሦስተኛሽ እሱ ይሁን። ኮርድ አያስፈልገውም፣ ወረቀትም አያስፈልገውም። መነሻ ድምፁን ከራስሽ ውሰጂና ጀምሪ። ስትጨርሺ አመስግነሽ ውጪ፣ ወረቀትሽን ከአጃቢው መውሰድ አትርሺ።